በገዛ እጄ በሠራሁት ዳስ የመጀመሪያዋ የክረምት አዳሬ፣ ከሌሊቱ 9 ተኩል ላይ ተሸንፌ ወጣሁ፤ ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

የኡፕሳላው ልጅ

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ነገሩ ሊያስቃችሁ ይችላል ግን ጥያቄዬ የምር ነው። ስዊድን ኡፕሳላ ነው የምኖረው፣ አምስተኛ ዓመቴ ነው፣ አራቱን ክረምት ቤት ውስጥ ተወሽቄ ነው ያሳለፍኩት (ክረምት ስል የኛን ሐምሌና ነሐሴ ሳይሆን የዚህን የበረዶውን ነው፣ ይሄ ቃል እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዳምታታኝ አለ)። ዘንድሮ ግን ዩትዩብ ላይ መጥረቢያና መጋዝ ብቻ ይዘው ጫካ ገብተው መጠለያ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎችን ማየት ጀመርኩና ለከፈኝ፣ በቃ እኔም አድሬ አያለሁ አልኩ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ አለ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የራሱ ጫካ አለው። በበጋ ዛፉን በማሽን ከመሀል ከመሀል አስቆርጦት ስለነበር ግራን የሚሉት ዛፍ (ያ የፈረንጅ ጥድ የሚመስለው) ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተከምሮ ቀርቷል፣ የፈለግከውን ውሰድ እሳትም አንድድ ብሎ ፈቀደልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ደረስኩ። መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ባላ ልትከል ብል አልገባ አለኝ፣ ስለዚህ ሁለት ዛፍ መሀል ረዘም ያለ አግዳሚ በገመድ አሰርኩና በአንድ ወገን ብቻ አጣና አጋድሜ ደገፍኩበት፣ እላዩ ላይ ቅርንጫፉን እንደ ሣር ክዳን ከታች ወደ ላይ ደራረብኩ። ፊቱ ክፍት ነው፣ እሳቱ እዚያ ጋ። ፎቶው ላይ ብታዩት እውነት ያምራል።

ችግሩ እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች፣ ግማሹን ጣሪያ በግንባር ባትሪ ነው የጨረስኩት፣ እሱንም ጃኬቴን ሳላወልቅ እየተሯሯጥኩ ላብ በላብ ሆኜ። ከዛ ጋዝ ምድጃዬ እፍ እፍ ብሎ እምቢ አለ፣ ውኃ እንኳን ሊያፈላልኝ አልቻለም። ጾም ስለሆነ በፔርሙስ ይዤው የሄድኩትን ሽሮ በላሁ፣ እሳት ሞቅኩ፣ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ዓለም ነበር በእውነት። መሬቱ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ ጎዝጉዤ፣ ከዛ ስስ የስፖንጅ ማት፣ ከዛ ከዜሮ በታች 15 ተብሎ የተጻፈበት ስሊፒንግ ባግ፣ ውስጡ ደግሞ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ። እንጨቱ እኩለ ሌሊት ላይ አለቀ። ብርዱ ከዜሮ በታች 11 ነበር። ጎኔ ከታች እንደ በረዶ፣ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ፣ ጋቢው እርጥብ እርጥብ ይላል፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ጥዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩና ሂተር ከፍቼ እንደ ሕፃን ተንቀጠቀጥኩ።

አሁን የማስበው ጣሪያው ሳስቶብኝ ይሆናል። በሚቀጥለው ፊቱንም ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ውስጡ ትንሽ የከሰል ምድጃ ባስገባስ? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

---

ቆሎ በኪሴ

ወንድሜ እናቶቻችን ከሣር ጎጆ አውጥተው ቆርቆሮ ቤት ሊያስገቡን ስንት ዘመን ለፉ፣ አንተ ቪዛ ለምነህ አውሮፓ ድረስ ሄደህ ዳስ ውስጥ ትተኛለህ 😂 ጋቢውን የላከችልህ እናትህ የት እንዳደረ ብትሰማ መልሱልኝ ነው የምትል።

የምር ግን ከሰሉን ተው። ከኔ የተሻለ የሚያስረዳህ ይመጣል፣ ብቻ ተው።

---

ኡሜዮ ነኝ

ከሱ ልጀምር። ወንድም፣ የዘጋኸው ነገር ውስጥ ከሰል እንዳታስገባ፣ በጭራሽ! አገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው በዛው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማን አይደል ያደግነው? ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲሆን ነው ሰው የሚዘናጋው፣ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ራስ ምታት ይጀምርህና ብርዱ ነው ትላለህ ከዛ እንቅልፍ ይወስድሃል። በበረዶ የተሸፈነ የቅርንጫፍ ጣሪያ አየር ያሳልፋል ብለህ እንዳትተማመንበት። እሳት ውጪ፣ አንተ ውስጥ፣ አለቀ።

ሁለተኛ ጣሪያህ ምንም አልሆነም። የሳትከው ከታች ነው። አንተ ራስህ ጎኔ ከታች ቀዘቀዘኝ ብለሃል እኮ። ሰው ላይ ላዩን ይደርባል፣ ሙቀቱን ግን መሬት እየመጠጠችው ታድራለች፣ ስሊፒንግ ባጉም ከሥርህ ያለው ክፍል በክብደትህ ተጨፍልቆ አየር ስለማይዝ እዚያ ጋ የለም ብለህ ቁጠረው። ማት ስትገዛ አር ቫልዩ የሚሉትን ቁጥር እይ (ማቱ ሙቀትህ ወደ መሬት እንዳይሄድ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካበት ነው)፣ ያች ስሷ ስፖንጅ 2 አካባቢ ብትሆን ነው፣ ለእንዲህ ያለው ብርድ 5ና ከዛ በላይ ያስፈልግሃል፣ ደስ የሚለው ደግሞ ሁለት ማት ብትደርብ ቁጥሩ ይደመራል። ቅርንጫፉንም ትንሽ ጎዝጉዤ አልክ፣ ትንሽ ምንም ነው፣ ስትተኛበት ይሰምጣል። ተኝተህበት ከተጨፈለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ስንዝር ገደማ ሊቀር ይገባል፣ ይሄ ማለት መጀመሪያ እስከ ጉልበትህ ድረስ መከመር ነው። እኔ ጣሪያ ከምሠራበት ጊዜ ይልቅ አልጋው ላይ ነው የምፈጀው፣ ዩትዩብ ላይ ግን አልጋ ፎቶ ስለማይወጣለት ቶሎ ያሳልፉታል።

ስሊፒንግ ባጉ ላይ ያለውን ምልክት ሂድና ደግመህ አንብበው። አውሮፓ የሚሸጥ ባግ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያው ምቾት ነው፣ ሁለተኛው ገደብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሞት ቢመጣ ለጥቂት ሰዓት ላትሞት ትችላለህ የሚሉት ነገር። አንዳንዱ በትልቁ የሚጽፈው ሦስተኛውን ነው፣ መቼም ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው። እርግጠኛ ነኝ ያንተ 15 ሦስተኛው ነው።

ጋዙ ደግሞ ርካሹን ቆርቆሮ ገዝተህ ነው። ውስጡ አብዛኛው ቡታን ከሆነ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መቀየር ያቆማል፣ ፈሳሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ክረምት የሚሉትን ግዛ፣ ፕሮፔን ራሱ እስከ ከዜሮ በታች 42 ድረስ ይተናል። አለዚያም ቆርቆሮውን ከመጠቀምህ በፊት ጃኬትህ ውስጥ አሙቀው።

እንጨት፣ ይበቃኛል ያልከውን ሰብስብና ሌላ ሁለት እጥፍ ጨምርበት። ጭራሮ እያቃጠልክ 18 ሰዓት የሚረዝም ሌሊት አታነጋም። እዚህ ሰሜን ሰዎቹ ኒዪንግ የሚሉት እሳት አለ፣ ያንተን ቁመት የሚያህል ሁለት ወፍራም ግንድ አንዱን ባንዱ ላይ ታጋድምና መሀላቸው በምትተወው ስስ ክፍተት እሳት ታስገባለህ፣ በቀስታ ለሰዓታት ይነዳል፣ ሙቀቱም ከራስህ እስከ እግርህ እኩል ይደርስሃል። ክብ እሳት ሆድህን ብቻ ነው የሚያሞቀው።

---

የሚኒሶታዋ

ኡሜዮ ያለው በሙሉ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ለጀማሪ ክፍት ዳስና እሳት ለምን ትመክረዋለህ? እሱ እኮ የሚሠራው ሌሊቱን ሙሉ እሳት የሚጠብቅ ሰው ካለ ነው። ብቻውን ነው ልጁ። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ እየተነሳ ግንድ ሊገፋ ነው፣ እንቅልፍ የለም፣ እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ክፍት ሜዳ ላይ እንደተኛ ቁጠሩት።

እኔ እዚህ ሚኒሶታ የስቴት ጫካ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ሦስት ክረምት ወጥተናል፣ እዚህ የምናየው ብርድ ከናንተም ይብሳል፣ የኔ ምርጫ ትንሽ ዝግ ጎጆ ነው፣ እሳት ጭራሽ የሌለው። ትንሽ ስል ምን ያህል መሰላችሁ፣ ገብቼ ስጋደም ትከሻዬ ግድግዳውን ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ቁጭ ማለት እንኳን አይቻልም። አንድ አግዳሚ አንዱን ጫፍ ባላ ላይ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ግራና ቀኝ እንጨት እንደ ዓሣ አጥንት፣ ከዛ ቅጠልና ቅርንጫፍ ክንዴ እስከ ብብቴ ድረስ እስኪጠልቅበት መከመር፣ በላዩ በረዶ። በረዶ ራሱ ብርድ ልብስ ነው፣ ውስጡ አየር ስለሚይዝ። ያንተ ትልቁ ስህተት ምን መሰለህ፣ ሰው ምድጃ አይደለም፣ ሰውነትህ ትልቅ ክፍል አያሞቅም፣ ቤቱ በጠበበ ቁጥር ይሞቃል። አየር ማስገቢያ ግን በምንም ተአምር አትዝጋ፣ በር ላይ ቦርሳህን ስትደቅን ክፍተት ይኑር።

ሌላ ደግሞ ማንም ያላነሳው፣ ላብ። ስትቆፍርና ስትቆርጥ በስስ ሹራብ ሁን፣ እንዲያውም ትንሽ እየበረደህ ሥራ፣ ስታቆም ወዲያው ወፍራሙን ልበስ። አንተ በላብ የራሰ ልብስ ለብሰህ ነው የተኛኸው፣ ገና ከማታው አለቀልህ። ስትተኛ የሚለበስ ደረቅ ካልሲና ደረቅ ከውስጥ የሚለበስ ለብቻው በላስቲክ ይቀመጥ፣ ቀን ላይ እንዳትነካው። የፈላ ውኃ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ሞልተህ ካልሲ አልብሰህ እግርህ ሥር ክተተው። ሽንትህን ሳትሸና እንዳትተኛ፣ ሌሊት ላይ ይዞህ ብርዱን ፈርተህ ስትታገለው እንቅልፉም ሙቀቱም ይሄዳል።

እና ሴቶች ካላችሁ፣ የባጉ ምቾት የሚለው ቁጥር የሚለካው በሴት ነው፣ ገደብ የሚለው በወንድ። ባለቤቴ እስኪገባው አንድ ክረምት ፈጀበት፣ እኔ ስንቀጠቀጥ እሱ ያንኮራፋል።

---

ኡሜዮ ነኝ

@የሚኒሶታዋ እህቴ ስለ ጥበቱ ልክ ነሽ፣ ግን የመጀመሪያ አዳሩ ላይ ጨለማ ውስጥ እንደ ሬሳ ሳጥን የጠበበ ጉድጓድ ገብቶ ቢጨናነቅስ? እሳት እኮ ሞራልም ነው። 18 ሰዓት ጨለማ ማለት ቀላል አይደለም፣ እኔ የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ከብርዱ በላይ ጨለማው ነው ያሸነፈኝ፣ የቅርንጫፍ ኮሽታ ሁሉ ጅብ እየመሰለኝ። ስዊድን ውስጥ ጅብ 😅

---

የሚኒሶታዋ

እሺ እዚህ ላይ ገባኝ። ጅቡ እኔንም ተከትሎኝ መጥቷል።

---

ባላገር ከመንዝ

ልጆች ጤና ይስጥልኝ። እኔ እናንተ የምትሉትን ዕቃ አላውቀውም፣ አሁን አዲስ አበባ ልጆቼ ጋ ነኝ፣ ዕድሜዬም ስድሳ ሰባት ነው፣ ግን ብርድ ላይ ስለማደር ከተነሳ መንዝ ነው ያደግሁት። ልጄ ይሄንን አንብቦልኝ ሳቅሁና ጻፍልኝ አልኩት።

ልጄ መጀመሪያ ጋቢው። ጋቢ ጥጥ ነው። ለቤት፣ ለለቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው። እርጥበት ከነካው ከብዶ ይጣበቅብሃል እንጂ አያሞቅህም፣ በትንፋሽህና በላብህ ነው የራሰው። እኛ አገር በውርጭ ውጪ የሚያድር ሰው የበግ ጠጉር ነው የሚለብሰው፣ በርኖስ፣ ባና። ባና ቢርስም ያሞቃል። ዝናብ ሲሆን ከሣር የተሠራ ገሳ ከላይ፣ እሱ ውኃውን ያንሸራትተዋል። የበግ ጠጉር የሆነ ነገር አገሩ አይጠፋምና ፈልግ፣ የእናትህን ጋቢ ለገና አስቀምጠው።

ሁለተኛ የት ነው ዳሱን የሠራኸው? ይሄን ሳትነግረን ነው የጠየቅኸው። እኛ በኅዳርና በታኅሣሥ እህል ስንጠብቅ ረባዳ ላይ አናድርም። ብርድ እንደ ውኃ ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየወረደ ከታች ይተኛል፣ ገብሱንም ባቄላውንም ውርጭ የሚመታው ረባዳው ላይ ያለውን ነው፣ ዳገቱ ላይ ያለው ይተርፋል። ጫፉ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያስቀምጥህም። ወገቡ ላይ ነው የሚታደረው፣ ጀርባህን ለነፋሱ ሰጥተህ።

ሦስተኛ እሳቱን። እኛ እንጨት እንዲህ እንደ ልብ አልነበረንም፣ ስለዚህ እሳት አናነድም ነበር ማለት ይቻላል፣ ድንጋይ ነበር የምናሞቅ። ማታ ምግብ ሲበስል ድንጋይ ከእሳቱ ዳር ይቀመጣል፣ ስትተኛ በጨርቅ ጠቅልለህ እግርህ ሥር። ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ግን እሳት ውስጥ አትጨምር፣ ውኃ ይዞ ይፈነዳል፣ ያጎቴ ልጅ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።

ጉዝጓዝ ስለ ማብዛቱ የተባለው እውነት ነው። እኛ ጓሳ ነበር የምንጎዘጉዝ፣ ጓሳ የተጎዘጎዘበት ላይ የተኛ ሰው የፈረንጅ ፍራሽ አያምረውም። በበኩሌ ሌላ የምለው የለኝም፣ ብቻ ብቻህን አትሂድ። እኛ ሁለት ሦስት ሆነን ነበር፣ አንዱ ማውራት ሲያቆም ሌላው ያውቃል።

---

የኡፕሳላው ልጅ

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ልጅዎንም አመሰግናለሁ ስለጻፈልኝ። እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው የገባኝ፣ ምንጭ ዳር ታች ረባዳው ላይ ነው የሠራሁት፣ ውኃ ቅርብ ይሆንልኛል ብዬ! እዚያ ጋ ሣሩ ሁሉ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ወደ መኪናው ስወጣ ግን መንገዱ ላይ ያለው ሣር ምንም አልነበረበትም፣ እኔ ደግሞ መኪናዬ ስለደረስኩ ነው የሞቀኝ ብዬ ነበር።

@ኡሜዮ ምልክቱን አየሁት። ምቾት ከዜሮ በላይ 4፣ ገደብ ከዜሮ በታች 1፣ ሦስተኛው 15። ምን ልበል። ከሰሉንም ትቼዋለሁ፣ የቆርቆሮ ምድጃ ሁላ ላዝዝ ነበር እኮ፣ አመሰግናለሁ።

@የሚኒሶታዋ ላቡን አምኛለሁ። በጣም ጎበዝ ሠራተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

---

ስቶክሆልም ዳር

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል፣ ሌላ ሰው ይሄን አንብቦ ነገ መጥረቢያ ይዞ እንዳይወጣ። እዚህ ስዊድን አለማንስሬተን የሚሉት የሁሉም ሰው መብት በሰው መሬት ላይ እንድትራመድና አንድ ሁለት ሌሊት ድንኳን ጥለህ እንድታድር ይፈቅድልሃል፣ ከሰው ቤት ራቅ ብለህ። ዛፍ መቁረጥን ግን አይጨምርም። ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ መስበር የለም፣ የበርች ልጥ መላጥ የለም፣ የወደቀ ግንድም ቢሆን የባለቤቱ ነው። ለማገዶ መሬት ላይ የረገፈ ጭራሮና ኮን (የጥድ ፍሬ) ብቻ ነው የራስህ። የኡፕሳላው ልጅ ባለቤቱ ስለፈቀደለት ነው ሰላም የሆነው። የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ከሆነ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፣ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። ድንጋይ ላይ እሳት አታንድዱ፣ ይሰነጠቃል፣ ጠባሳው አይጠፋም።

መሞከር ለሚፈልግ ደግሞ በየጫካው ቪንድሹድ የሚባል ተሠርቶ የተቀመጠ ሦስት ግድግዳ ዳስ አለ፣ ፊቱ ላይ እሳት ማንደጃ ያለው፣ አንዳንዱ ጋ እንጨትም ያስቀምጣሉ። እዚያ አንድ ሌሊት አድራችሁ ዕቃችሁን ፈትኑ፣ ከዛ መሥራት።

---

ቆሎ በኪሴ

እኔ መጀመሪያ ስቀልድ ነበር አሁን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት 😂 አንድ ጥያቄ፣ ጾም ላይ ሆኖ ጫካ ምን ይበላል? ፈረንጆቹ ሁሉ ቅቤና ቤከን ነው የሚሉት።

---

የሚኒሶታዋ

በሶ! በሶ በጥብጠህ፣ ማታ ከመተኛትህ በፊት ኦቾሎኒ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ቅባት ያለው ነገር ሁሉ። ሰውነት ቅባትን ቀስ ብሎ ስለሚፈጨው ሌሊቱን ሙሉ እያነደደው ያድራል። ሽሮ ጥሩ ነው ግን ዘይቱ በዛ ያለ ይሁን። ሌሊት ብርድ ከቀሰቀሰህ ዝም ብለህ አትጋደም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ብላ፣ ባጉ ውስጥ እንዳለህ እጅና እግርህን አንቀሳቅስ።

እና ጋሼ ያሉት ብቻህን አትሂድ የሚለው ቀልድ አይደለም። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሰውነትህ እየታገለ ነው ማለት ነው። ሳይሞቅህ መንቀጥቀጡ ካቆመ፣ ምላስህ ከተያያዘ፣ ዚፕ መዝጋት ካቃተህ ያኔ ነው የሚያስፈራው፣ ያን ለራስህ አታውቀውም፣ አብሮህ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። ስልክህንም ሰውነትህ ላይ አድርገህ ተኛ፣ በብርድ ባትሪው 40 ፐርሰንት እያለው ድርግም ይላል።

---

የኡፕሳላው ልጅ

አፕዴት። ትናንት የከተራ ለት ደግሜ ሄድኩ፣ አገር ቤት ሰው ታቦቱ ጋ ውጪ ሲያድር እኔም እዚህ ልደር ብዬ፣ ይሄኛውን ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ ስቃ ስታበቃ ተቆጣችኝ። ብቻዬን አይደለም፣ የጫካው ባለቤት ሽማግሌው ራሱ መጣ፣ ሰባ ዓመቱ ነው፣ አጋዘን ቆዳ አንጥፎ ተኝቶ እስከ ጠዋት አልተገላበጠም።

ብርዱ ከዜሮ በታች 9። ወገቡ ላይ ሠራን። አሮጌውን ዳስ አፍርሼ አጣናውን ተሸክሜ ነው ያወጣሁት፣ ጣሪያውን በግማሽ አሳነስኩት፣ አልጋው ግን ጉልበቴ ድረስ፣ ሁለት ማት፣ የተከራየሁት ወፍራም ባግ፣ ካንድ ያገለገለ ዕቃ ሱቅ በ60 ክሮና የገዛሁት የወታደር የሱፍ ብርድ ልብስ። ኒዪንጉ አልሆነልኝም፣ ግንዱ እርጥብ ነበር መሰለኝ ጭስ ብቻ ሆነ፣ በኋላ ሽማግሌው ሁለቱንም ፊታቸውን በመጥረቢያ ጠርቦ ደረቁን እንጨት አገናኛቸው፣ እሱ ከነደደ በኋላ እስከ ንጋት አካባቢ ቆየልን። ድንጋዩን ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ፣ ከዳገቱ ያነሳሁትን።

እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኛሁ! ከዛ የነቃሁት በብርድ ሳይሆን የባጉ አፍ በትንፋሼ ርሶ በረዶ ሠርቶ አገጬን ስለነካኝ ነው። አፍንጫዬን ወደ ውስጥ ስከትት ይሞቀኛል ግን ይርሳል፣ ወደ ውጪ ሳወጣ አፍንጫዬ ይቆረጣል። እሱን እንዴት ነው የምታደርጉት?

---

ኡሜዮ ነኝ

ሻርፕ አፍና አፍንጫህ ላይ፣ የሱፍ፣ ባጉ አገጭህ ላይ ይታሰር። ትንፋሽህ ሁሌም ወደ ውጪ። ሻርፑ ጠዋት በረዶ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ታራግፈዋለህ።

---

ባላገር ከመንዝ

ሽማግሌውን ሰላም በልልኝ። አጋዘን ቆዳው ጠጉሩ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ያነጠፈው?

---

የኡፕሳላው ልጅ

ወደ ላይ ጋሼ። ሰላምታዎን ነገ ሥራ ስንገናኝ እነግረዋለሁ።